መሀል አፕግሬድ ላይ መብራት የጠፋባት ላፕቶፕ

ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ከሥሪት 22.04 ወደ 24.04 እየተሻሻለ ሳለ መብራት ጠፋ። ባትሪዋ ቻርጅ መያዝ ካቆመ ከዓመት በላይ ስለሆነው፣ የሶኬቱ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት እሷም አብራ ድርግም አለች። ስክሪኑ ላይ በመጨረሻ ያየሁት ሦስት አራተኛው ድረስ የሞላውን የሂደቱን መስመር ነበር። ሻማ ፍለጋ ወደ ኩሽና ስሄድ ከላፕቶፗ ይልቅ በራሴ ሞኝነት ነበር የምናደደው፤ ምክንያቱም ይህን ሥራ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለበት ቢሮው ወስጄ እንድሠራው አንድ ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት ነግሮኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት መብራት ተመልሶ ማስነሻውን ስጫን የኡቡንቱ ምልክት አልመጣም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት ተደርድረው ቀጥ አሉ፤ የካፕስ ሎክ መብራቷም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ከመስመሮቹ ሁሉ ወሳኟ ይህች ነበረች፦ «ከርነል ፓኒክ፣ ኖት ሲንኪንግ፦ ቪኤፍኤስ፦ አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን ብሎክ (0,0)»። ነገሩ በአማርኛ ሲነገር፣ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ «ሲስተሙ ያለበት ዲስክ የቱ እንደሆነ አላወቅሁም፣ ስለዚህ ልከፍተው አልቻልኩም» ማለቱ ነው። ለዚያው ለጓደኛዬ ደውዬ ሳነብለት ሳቀና «አንተ ሰው፣ ምን አደከመህ፤ ፎርማት አድርጋትና ተገላገል» አለኝ።

ፎርማት በየሠፈሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መድኃኒት ነው። ወረፋ የበዛበት ጠጋኝ የአንድን ሰው ማሽን ሲመረምር ከሚውል በግማሽ ሰዓት አዲስ ሲስተም ጭኖ ቢመልስለት ስለሚቀለው አልፈርድበትም። ለባለቤቱ ግን የዓመታት ማስተካከያ፣ አንድ በአንድ የተጫኑ ፕሮግራሞችና አንዳንድ ጊዜም መጠባበቂያ ቅጂ ያልተያዘላቸው ፋይሎች አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ የሚያበሳጨኝ፣ ሊኑክስ ከአፕግሬድ በኋላ አልነሳ ሲል ፋይሎቹም ሲስተሙም አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው መኖራቸው ነው፤ የጎደለው አንድ ፋይል ወይም አንድ መስመር ሊሆን ይችላል፤ የት እንደ ጎደለም ማሽኑ ራሱ በስክሪኑ ላይ ጽፎታል። ስለዚህ ፎርማቱን ተውኩትና መስመሯን ደግሜ አነበብኳት።

(ትእዛዞቹንና መልእክቶቹን እዚህ በአጠራራቸው በፊደል ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ፊደል እንደሚገቡ አንባቢ ያውቃል።)

የማሽን አነሳስ የዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። መጀመሪያ በቦርዱ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ ወይም የድሮው ባዮስ ይነሳና ዱላውን ማስነሻ ፕሮግራሙ ለሆነው ለግራብ ይሰጣል፤ ግራብ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ከዲስክ ወደ ሚሞሪ ይጭናል፤ ይህ ጊዜያዊ ሲስተም እውነተኛውን ዲስክ ፈልጎ ይከፍታል፤ በመጨረሻም ሲስተምዲ ተረክቦ አገልግሎቶቹን ሁሉ አስነስቶ እስከ መግቢያው ገጽ ያደርሰናል። ከእነዚህ ሯጮች አንዱ ሲወድቅ የሚጮኸው በራሱ ድምፅ ስለሆነ ድምፁን መለየት የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል። «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ዱላው ከግራብ እጅ ገና አልወጣም፣ ስለዚህ ስለ ቪዲዮ ካርድ ድራይቨር መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው። በቅንፍ ውስጥ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል መስመር ጠቋሚውን ብልጭ ድርግም እያደረገ ከጠበቀን ከርነሉ ተነስቷል፣ ዲስኩ ግን አልተገኘም ወይም አልተከፈተም። «ዩ አር ኢን ኢመርጀንሲ ሞድ» ካለ ደግሞ የሚናገረው ሲስተምዲ ነው፤ ዋናው ዲስክ ተከፍቷል ማለት ስለሆነ ልብ ሊረጋ ይገባዋል።

የእኔው ጩኸት የከርነሉ ነበር፤ በቅንፍ ያሉት ሁለት ዜሮዎችም ብዙ ይናገራሉ። ሊኑክስ እያንዳንዱን የዲስክ መሣሪያ በሁለት ቁጥሮች ይለያል፤ ለምሳሌ በተለመደው የሳታ መስመር የመጣ ዲስክ የመጀመሪያ ቁጥሩ 8 ነው። መልእክቱ (8,2) ቢል ኖሮ ከርነሉ ዲስኩንና ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) አይቷል፣ የፋይል ሥርዓቱን ግን ማንበብ አልቻለም ማለት ይሆን ነበር፤ ያኔ ዲስኩ ራሱ እንዳይሆን የተጎዳው ብዬ እፈራ ነበር። (0,0) ግን ከርነሉ ከነጭራሹ የቱን ዲስክ መክፈት እንዳለበት አለማወቁን ነው የሚያሳየው። ኡቡንቱ ዋናውን ፓርቲሽን ለከርነሉ የሚጠቁመው ዩዩአይዲ በሚባለው ረጅም መለያ ነው፤ ከርነሉ ደግሞ የፋይል ሥርዓትን ዩዩአይዲ ብቻውን ወደ መሣሪያ መተርጎም አይችልም። ያን ሥራ የሚሠራለት ኢኒትራምኤፍኤስ ነው፤ ብዙዎቹ የዲስክ ድራይቨሮችም የሚገኙት እዚያው ውስጥ ነው። ኢኒትራምኤፍኤስ ከሌለ ከርነሉ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የቆለፈ ሰው ይሆናል፤ ዲስኩን የሚከፍትበት ነገር ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው።

ይህ ግምት ነበር፤ ማረጋገጫው ግን አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያልተሳካ አነሳስ ሲያጋጥም የኡቡንቱ ግራብ በሚቀጥለው ጊዜ ዝርዝሩን ራሱ ለ30 ሰከንድ አውጥቶ ያሳያል። ካላሳየ፣ በዩኢኤፍአይ ማሽን የአምራቹ ምልክት እንደታየ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ብቻ መታ ማድረግ፣ በድሮው ባዮስ ደግሞ ሺፍትን ተጭኖ መቆየት ነው። ኢስኬፕን በድንጋጤ የደበደበ ሰው ከዝርዝሩ ይልቅ ባዶው የግራብ ትእዛዝ መስመር ላይ ይወድቃል፤ እኔም ወድቄ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ተጭኜ እንደገና ጀምሬያለሁ። ዝርዝሩ ሲመጣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሆኜ «ኢ» የሚለውን ፊደል ተጫንኩ። ግራብ ያንን መስመር እንዴት እንደሚያስነሳ የሚገልጸው ጽሑፍ ተከፈተ፦ «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውና አዲሱን 6.8 ከርነል የሚጠራው መስመር አለ፣ ከሥሩ ግን ኢኒትራምኤፍኤሱን የሚጠራውና «ኢኒትአርዲ» ብሎ የሚጀምረው መስመር የለም። ኢስኬፕ ብዬ ወጥቼ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር ያለውን አሮጌውን 5.15 ከርነል በዚያው መንገድ ስከፍተው ሁለቱም መስመሮች በቦታቸው ነበሩ።

እንዴት እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የአፕግሬዱን አካሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ኡቡንቱ ሥሪቱን ሲቀይር መጀመሪያ ሁሉንም ፓኬጆች (የፕሮግራም ጥቅሎች) ያወርዳል፣ ከዚያ ይፈታቸዋል፣ ከዚያም ያዋቅራቸዋል። የከርነሉ ፋይል ፓኬጁ ሲፈታ ወዲያው ቡት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢኒትራምኤፍኤስ ግን ከፓኬጁ ጋር አይመጣም፣ በዚያው ማሽን ላይ ለዚያው ማሽን የሚዘጋጅ ነው፤ ደግሞም ጊዜ የሚወስድ ሥራ በመሆኑ ደጋግሞ እንዳይዘጋጅ ወደ ኋላ ይገፋል። በሁለቱ መካከል ሌላ ፓኬጅ የግራብን ዝርዝር ካሳደሰ፣ ግራብ አዲሱን ከርነል አይቶ ይመዘግበዋል፤ ኢኒትራምኤፍኤሱን ስላላገኘ ግን ያለ እሱ ይመዘግበዋል። መብራቱ የጠፋው በዚች ክፍተት ነበር። አሥር ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢጠፋ ኖሮ ሌላ ዓይነት ብልሽት፣ ምናልባትም ሌላ ጽሑፍ ይወጣው ነበር።

አሮጌውን ከርነል ለማስነሳት ከመረጥኩ በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር አደረግኩ። በዚያው በ«ኢ» በተከፈተው ጽሑፍ ውስጥ «ሊኑክስ» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ የሚያምረውን ምልክት አሳይተው መልእክቶቹን የሚደብቁት እነሱ ናቸው። እነሱን አጥፍቶ ኮንትሮልና ኤክስ መጫን ማሽኑ እያንዳንዱን እርምጃ እየተናገረ እንዲነሳ ያደርገዋል። ለውጡ ለዚያ አንድ አነሳስ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

አሮጌው ከርነል ተነሳ፣ ዲስኩም ተከፈተ፣ አረንጓዴ «ኦኬ»ዎች መዝነብ ጀመሩ፤ እኔም ሻይ ልጠጣ ብድግ አልኩ። ተመልሼ ስመጣ ቀያይ ኮከቦች በቅንፍ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ «ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ራኒንግ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ሰከንድ ይቆጥራሉ፤ ገደቡ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ቆጠራው አለቀና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ገባሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ስህተት የመጀመሪያው ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል፣ ተስፋም ይቆርጣል። ድምፁ ግን ሌላ ነው፤ ሲስተምዲ ነው የሚናገረው፣ ጥያቄውም ሌላ ነው።

ኢንተር ተጫንኩና የሩት (የሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) ተርሚናል መጣልኝ። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ የሚጻፈው «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ነው፤ ያልተሳኩትን ብቻ ለይቶ ያሳያል። ቀጥሎ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ፒ ኢአርአር» ሲባል የዚህን አነሳስ ስህተቶች ብቻ ያወጣል። ሁለቱም ወደ አንድ ነገር ጠቆሙኝ፦ የድሮ ሥራዎቼን የማስቀምጥበት የውጭ ሃርድ ዲስክ ተጠብቆ አልመጣም። አልመጣምም ነበር፤ ምክንያቱም አፕግሬዱን ከመጀመሬ በፊት «ለማንኛውም ይቀመጥ» ብዬ የነቀልኩት እኔው ነኝ! ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ዲስክ ራሱ እንዲከፈት ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ መስመር ጽፌለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ገመዱ ተነቅሎ ማሽኗን አስነስቼ አላውቅም። ሲስተምዲ ደግሞ በኤፍኤስታብ የተጻፈን ዲስክ ሁሉ፣ «ባይኖርም ግድ የለም» ካልተባለ በስተቀር፣ የግድ አስፈላጊ አድርጎ ነው የሚወስደው። ኡቡንቱ እስከ 14.10 በነበረው አነሳስ እንዲህ ያለ ዲስክ ሲጎድል «ኤስ ተጭነህ እለፈው» የሚል ምርጫ ይሰጥ ነበር፤ ከ15.04 ጀምሮ ሲስተምዲ ሲመጣ ያ ልማድ ቀረ። እኔ ለአሮጌው ትሕትና አደላለሁ፤ ሲስተምዲን የሚወዱ ሰዎች አይስማሙኝም።

መፍትሔው አንዲት ቃል ነበረች። «ናኖ» በሚባለው ጽሑፍ ማረሚያ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን ኤፍኤስታብ ከፍቼ በዚያ ዲስክ መስመር ላይ «ዲፎልትስ» ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ኮማ አድርጌ «ኖፌይል» ጨመርኩ። ከኮማው በኋላ ባዶ ቦታ መግባት የለበትም፤ በኤፍኤስታብ ባዶ ቦታ የአምዶች መለያ ስለሆነ አንድ ትርፍ ክፍተት መስመሩን ሁሉ ያዛባዋል። ፋይሉ «ሪድ ኦንሊ ነው፣ አይጻፍም» የሚል መልስ ከሰጠ በመጀመሪያ «ማውንት -ኦ ሪማውንት፣አርደብልዩ» ብሎ ዋናውን ፓርቲሽን ለጽሑፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ እዚያም ኮማው በባዶ ቦታ አይከተልም፣ መጨረሻው ላይም አንድ ስላሽ ይጨመራል። ከዚያ ሪቡት አድርጌ እንደገና አሮጌውን ከርነል መረጥኩ።

በዚህ ጊዜ ሲስተምዲ ዳር ደረሰ፤ ሥዕላዊው መግቢያ ግን አልመጣም። አልገረመኝም፤ ግማሹ ፓኬጅ የ22.04፣ ግማሹ የ24.04 በሆነበት ማሽን ላይ ዴስክቶፕ እንዲነሳ መጠበቅ ራሱ ድፍረት ነው። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ተጭኜ በጽሑፍ ብቻ ገባሁ፤ በመጀመሪያ ያየሁትም የአፕግሬዱን መዝገብ ነው። ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ፣ «ዲስት-አፕግሬድ» የሚባል ፎልደር አለ፤ «አፕት-ተርም» የተባለው ፋይል በዚያ ምሽት ስክሪኑ ላይ ያለፈውን ሁሉ ይዟል። መጨረሻው ላይ ስደርስ «ሴቲንግ አፕ» የሚሉ መስመሮች በተከታታይ ሲወርዱ ቆይተው አንዱ መሀል ላይ ተቆርጧል፤ ከእሱ በኋላ ሁለት ሙሉ መስመር የሚሞላ፣ ትርጉም የሌለው የባዶ ባይት ምልክት ተደርድሯል። መብራቱ የጠፋባት ቅጽበት በዲስክ ላይ እንዲህ ትመስላለች። ለማየት የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ግን ምን እንደተጠናቀቀና ምን እንደቀረ በትክክል ይነግራል።

ፓኬጆችን የሚጭነውን ፕሮግራም «ዲፒኬጂ --ኦዲት» ብዬ ስጠይቅ ያልተዋቀሩ ፓኬጆች ገጽ በገጽ ወረዱ፤ ቆጠርኳቸው፣ ከ400 በላይ ናቸው። መድኃኒቱ አንድ ትእዛዝ ነው፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»። ዲፒኬጂ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሁኔታ መዝግቦ ስለሚይዝ ከቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔትም አይፈልግም፤ ሁሉም ነገር ቀድሞ ወርዷልና። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፎርማት የመረጠ ሰው አይኤስኦውን (የመጫኛውን ፋይል) ብቻ ለማውረድ ወደ 6 ጊጋባይት ይከፍላል።

ትእዛዙን ግን እቤቴ አላስኬድኩትም። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ መብራት ከጠፋ ያኔ ጓደኛዬ ትክክል ይሆናል። ላፕቶፗን አጥፍቼ ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮው ወሰድኳት፤ «ፎርማቷን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ። «የለም፣ ዩፒኤስህን ፈልጌ ነው» አልኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ማዋቀሩ 35 ደቂቃ ያህል ወሰደ። በመሀሉ ሦስት ጊዜ ቆሞ የማስተካከያ ፋይሎችን በተመለከተ ጠየቀኝ፦ አንተ የለወጥከውን ልተው ወይስ የፓኬጁን አዲስ ላድርግ? ለዚህ ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። ራሴ እንደነካሁት የማስታውሰውን ፋይል ተውኩት፤ ነክቼው የማላውቀውን አዲሱን ተቀበልኩ፤ ያላወቅሁትን «ዲ» ተጭኜ ልዩነቱን አየሁት። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ሲባል ገና ጨርሶ ያልተጫኑትን ጨመረ። ከዚያ ጓደኛዬ «አለቀ፣ ሪቡት አድርግ» ሲል እጁን ያዝኩት።

ከሪቡት በፊት ሁለት ነገር ማየት ነበረብኝ። አንደኛው «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬ» ብሎ ከኋላው የአዲሱን ከርነል ሙሉ ስም መስጠትና የጎደለውን ፋይል ማዘጋጀት ነው፤ ማዋቀሩ ራሱ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ጊዜ የጎደለን ነገር በዓይን ሳላይ አላምንም። «ኤልኤስ -ኤልኤች» ብዬ ቡት ፎልደርን ስዘረዝር የ6.8 ከርነል 14 ሜጋባይት፣ ኢኒትአርዲው ደግሞ ወደ 70 ሜጋባይት ሆኖ ተቀምጧል። መጠኑ ዜሮ ወይም ጥቂት ኪሎባይት ቢሆን ስሙ መኖሩ ዋጋ አልነበረውም። ሁለተኛው «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ነው። ይህ ትእዛዝ ሲሠራ ያገኘውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ «ፋውንድ ሊኑክስ ኢሜጅ» ከሚለው እያንዳንዱ መስመር ሥር «ፋውንድ ኢኒትአርዲ ኢሜጅ» የሚል መስመር መከተል አለበት። ጓደኛዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ጥንድ በጥንድ ቆጠራቸው። ያኔ ሪቡት አደረግን፣ መግቢያው ገጽ መጣ።

የእኔ ነገር በአሮጌው ከርነል ዳነ፤ አሮጌ ከርነል የሌለው ወይም እሱም የማይነሳለት ሰው ግን በፍላሽ ላይ የተጫነ ኡቡንቱ ያስፈልገዋል። በፍላሹ ተነስቶ «ትራይ ኡቡንቱ» መምረጥ፣ የዲስኩን ዋና ፓርቲሽን ኤምኤንቲ በሚባለው ፎልደር ላይ መክፈት፣ ቡት የተለየ ፓርቲሽን ከሆነ እሱንም በቦታው መክፈት፣ ዴቭ፣ ፕሮክ፣ ሲስና ረን የሚባሉትን ፎልደሮች በ«ማውንት --ባይንድ» ማገናኘት፣ ከዚያ «ችሩት» ብሎ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ከዚያ በኋላ ከላይ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ እንዳሉ ይሠራሉ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ፦ በ«ክሪፕትሴትአፕ» ሲከፈት የሚሰጠው ስም ክሪፕትታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ ከተጻፈው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። አለዚያ አዲሱ ኢኒትራምኤፍኤስ ዲስኩን እንዴት እንደሚከፍት ሳያውቅ ይዘጋጃል፤ ሰውየውም ከአንድ ሰዓት ልፋት በኋላ እዚያው የጀመረበት ስክሪን ላይ ይመለሳል። ስለ ምስጠራ ከተነሳ ሌላም ነገር አለ፤ የዲስክ ይለፍ ቃሉን በአማርኛ ፊደል ማድረግ የሚያምረው ሰው ይተወው፤ በዚያ ሰዓት የአማርኛ መጻፊያ ገና አልተነሳም።

የቡት ፓርቲሽን ሞልቶ ኢኒትራምኤፍኤስ ሳይዘጋጅ የሚቀርበትም ጊዜ አለ፤ ውጤቱ ከእኔው ጋር አንድ ነው፣ ያው (0,0)። ይህ በተለይ ዲስካቸው በተመሰጠረና ቡት ለብቻው በተቀመጠባቸው ማሽኖች ላይ የሚታይ ነው፤ የከረሙ ከርነሎች እየተደራረቡ ቦታውን ይጨርሱታል። «ዲኤፍ -ኤች» ብሎ ቡትን ማየት፣ ከሞላም «ሱዶ አፕት ኦቶሪሙቭ --ፐርጅ» ማለት ነው። ቡት ውስጥ ገብቶ ፋይል በእጅ መሰረዝን እኔ አልመክርም፤ ዲፒኬጂ የተሰረዘውን አሁንም እንዳለ ስለሚያምን በኋላ ይጣላችኋል።

መብራት ከጠፋ በኋላ ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው ግን ሌላው ነው፦ በኢኒትራምኤፍኤስ መስመር ላይ ቆሞ «ረን ኤፍኤስሲኬ ማኑዋሊ» ማለት። ይህ አፕግሬድ ባይኖርም ይመጣል። መልእክቱ የትኛው ፓርቲሽን እንደሆነ ስሙን ይጽፈዋል፤ «ኤፍኤስሲኬ -ዋይ» ብሎ ያንኑ ስም መስጠትና ሲጨርስ «ኤግዚት» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እኔ ግን ዲስኩ ከዚህ በፊት የሚንቋቋ ድምፅ ያሰማ ወይም ያለወትሮው የዘገየ ከሆነ «-ዋይ» ከማለቴ በፊት በፍላሽ ተነስቼ ፋይሎቹን አወጣለሁ፤ «-ዋይ» ለሚጠየቀው ሁሉ አዎ ስለሚል፣ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ የሚድነውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆኖ ምንም ጽሑፍ ከሌለ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የቪዲዮ ካርዱ ድራይቨር ለአዲሱ ከርነል አለመዘጋጀቱ ነው፤ በግራብ መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» ጨምሮ መግባትና ድራይቨሩን እንደገና መጫን ይበቃዋል። የኢንቪዲያ ቪዲዮ ካርድ ያላቸው ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ላፕቶፗ አሁን በ24.04 ላይ ናት፤ የውጭው ዲስክም ሲሰካ ይከፈታል፣ ሲነቀል ማንም አይጠብቀውም። 5.15ን ግን አላስወገድኩትም፣ ለጥቂት ሳምንታት እዚያው ይቆያል። ከአፕግሬዱ ጠፍቶ የቀረው የአማርኛ መጻፊያዬ ብቻ ነበር፤ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባለውን ፓኬጅ እንደገና ጭኜ፣ ወጥቼ ገብቼ፣ ከኪቦርዶቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ስመርጥ ተመለሰ። ጓደኛዬ በበኩሉ ማታ ደውሎ የቢሮው ኮምፒውተር ኤፍኤስታብ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አነበበልኝ፤ አራት መስመር ነው፣ አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት የተሰረቀበት ዲስክ ነው።